ለቅሶ የደረሰ አለቃ

ባለፈው ሰሞን ሳህን እያጠብኩ ራዲዮ ከፍቼ ነበር። አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ቀርቦ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራት ካውንስል የሚባሉትን የአካባቢ አስተዳደሮች ካዝና አራቁተውታል፣ ደመወዝ አስጨምረው አስጨምረው ለመንገድና ለመናፈሻ የሚሆን ሳንቲም አላስቀሩም እያለ ያስረዳል። አቅራቢዋም ልክ ነህ ትለዋለች። ሳህኑን አስቀምጬ እጄን ጠረግሁና ራዲዮውን ዘጋሁት። ደሜ ፈልቶ ነበር። ካዝናውን አራቆቱት ከሚባሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከምዕራብ ሜልቦርን ካውንስሎች በአንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በየቤቱ እየዞርኩ የአረጋውያን ገላ ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ሽንት ቤት ስፈትግ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ የማኅበሩ ተወካይ ነበርኩ፤ እዚህ ዴሊጌት ይሉታል።

ስለዚህ ሰውዬው የተናገረውን ትንሽ ላስተካክልለት። የምጽፈው ግን የሌላውን ጥፋት ብቻ አይደለም። ከተናደድኩባቸው ሰዎች መካከል እኔም አለሁበት።

አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በእኛ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ማለት ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮና ተሰብስበን የምናጨበጭብበት አዳራሽ ነው። ሜልቦርን መጥቼ፣ ኬንሲንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ቤት አግኝቼ፣ መጀመሪያ ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ከረምኩ። እዚያ ሥራ የሚሰጡን በስልክ እየጠሩ ነው። ጠዋት ካልደወሉ የዚያን ቀን ሥራ የለም። ከዚያ ኮርስ ወስጄ ካውንስል ስቀጠር እንደ ሹመት ቆጠርኩት። ቋሚ ሥራ፣ የታወቀ ሰዓት፣ የሕመም ፈቃድ። ደመወዙም ከግል ድርጅቶቹ የተሻለ ነበር፤ አልክድም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ካርመን ናት። ከማልታ የመጣች፣ አጠር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብሬያት ዞርኩ። ካርመን በር ከማንኳኳቷ በፊት የፖስታ ሳጥኑን ታያለች፤ የትናንት ደብዳቤ ካልተነሳ የቤቱ ባለቤት ትናንት አልወጣም ማለት ነው። መጋረጃውን ታያለች። ከገባች በኋላ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ወተቱን ታሸታለች፤ ከኮመጠጠ ሰውዬው ቁርስ መብላት ትቷል። ገላ ስታጥብ ከራስም ከእግርም አትጀምርም። መጀመሪያ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ውስጥ ታስነክራለች። «እጁ የሞቀው ሰው ልብሱን ስታወልቂለት አይታገልሽም» ትለኝ ነበር። ፎጣውን ቀደም ብላ ማሞቂያው ላይ ትሰቅላለች። እያጠበች ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን ትመለከታለች፤ ትንሽ ቅላት ካየች ያኑ ቀን ለነርሷ ትደውላለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ግን ሻወር ወስደዋል የሚል ብቻ ነው።

ሚስስ ዶውሊንግን የወረስኩት ከእሷ ነው። ሚስስ ዶውሊንግ ብቻዋን የምትኖር፣ ማስታወስ እየተሳናት የሄደ አሮጊት ነበረች። በሯ ሲንኳኳ በጣም ትደነግጣለች፤ ማንም ቢሆን አትከፍትም። ካርመን በጎን በኩል ባለው የግቢ በር አስገባችኝና የማድቤቱን መስኮት በቁልፍ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። መጋረጃው ተገለጠ፤ አሮጊቷ ፊታችንን ትክ ብላ አይታ ፈገግ አለችና ከፈተች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያችን መስኮት በቁልፍ ነክቻለሁ። ስሜን አንድም ቀን አላስታወሰችውም፤ ፊቴን ግን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ካርመን ዴሊጌታችንም ነበረች። ኢቢኤ የምንለው የሥራ ስምምነት በየጥቂት ዓመቱ ሲታደስ ረቂቁን ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስቀመጠች ሦስት ጊዜ ታነባለች። አንደኛውን ምን እንደተጻፈ ለማወቅ፣ ሁለተኛውን ከአሮጌው ምን እንደወጣ ለማወቅ። ሦስተኛውን የምታነበው ገና ያልመጣ፣ ከሁሉ የከፋ አለቃ ወረቀቱን ይዞ ምን ሊያደርገን እንደሚችል እያሰበች ነው። ስብሰባ ስትገባ ደግሞ የራሷን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነው። ሻይ ሲያቀርቡላት አመስግና ትመልሳለች። ኩራት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም በልቤ ያልሠለጠነች ነች ብያታለሁ።

አለቆች ተፈራርቀውብናል። የመጀመሪያዋ የእጅ ጓንት የምትቆጥር ነበረች፤ ጓንት የፈጀ ሰው ቢሮዋ ይጠራል። ሁለተኛው ሰላምታ የማያውቅ፣ በስማችን ፋንታ በቁጥራችን የሚጠራን ሰው ነበር። ከእነዚህ ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ ተጣልተናልም። ሦስተኛው ግራሃም ነው።

ግራሃም ከፋይናንስ ክፍል ተዛውሮ መጣና የእኛ አገልግሎት ኃላፊ ሆነ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው። በመጣ በሳምንቱ የሁላችንንም ስም ያውቅ ነበር፤ «አስካለ» ሲል ፊደሉን አያጎድልም። ልጅ የታመመባት ሴት ካለች ፈቃድ ለመስጠት አያንገራግርም። ሁላችንም ወደድነው።

እናቴ አዲስ አበባ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። መርዶው ተነግሮኝ ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ። የቸርች ሰዎች፣ የፎቁ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መጡ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ግራሃም ቆሟል። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ያንን ረጅም እግሩን አጥፎ ተቀመጠ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሻይና ዳቦ ሲቀርብለት በላ፣ መዝሙር ሲዘመር አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሊሄድ ሲል እጄን በሁለት እጁ ይዞ «እናትሽ ጥሩ ሴት እንደነበሩ አንቺን አይቼ አውቃለሁ» አለኝ። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም። እኔ ግን ተነሳሁ፤ ሴቶቹ እያዩኝ በሊፍት አብሬው ወርጄ እስከ መኪናው ሸኘሁት።

ለቅሶዬን የደረሰ ሰው ምን እንደሚሆንብኝ ለአበሻ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ እለው ነበር።

ካርመን ጡረታ ስትወጣ ዴሊጌትነቱ ለእኔ ደረሰ። በመጨረሻው ቀኗ ማስመሪያዋን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ከክፉ አለቃ ጋር ስትነጋገሪ ምንም አትፍሪ፤ ራሱ ያነቃሻል። ደግ አለቃ ሲመጣ ነው ውሃሽን ይዘሽ የምትሄጂው» አለችኝ። ሳቅሁ። ግራሃምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አስቀይሞኝም ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥሮቹ አጋማሽ ላይ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ለካውንስሎች የቤት ግብር ጣሪያ አበጀ። በዓመት ከዚህ በላይ መጨመር አትችሉም ተባሉ። ነዋሪው ተደሰተ፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን የካውንስል ወጪ በአብዛኛው የሰው ደመወዝ ነው። ገቢው ሲታሰር ካውንስሉ ዓይኑን የሚጥለው ደመወዝተኛ ላይ ነው። ጋዜጣውም ራዲዮውም ስለ ማኅበራት ያወራ ጀመር። ቢሮ ውስጥ እንደ አሸን የፈላውን አማካሪ የሚያነሳ የለም። እኛ፣ መኪናችን ኋላ ላይ የመወልወያ ባልዲ የጫንን ሴቶች፣ የከተማው ሸክም ሆንን።

የኢቢኤው እድሳት ጊዜ ደረሰ። ማታ ማታ ሳይሆን በዕረፍት ቀኔ፣ ቁጭ ብዬ፣ የካርመንን ማስመሪያ ይዤ ረቂቁን አነበብኩ። ጥሩ የደመወዝ ጭማሪ አለበት። ሁለተኛ ሳነብ ግን አንዲት አንቀጽ ጠፍታለች። ካርመንና ጓደኞቿ ከብዙ ዓመት በፊት ሥራ አቁመው ያስገቧት ናት፤ ካውንስሉ የቤት ለቤት እንክብካቤውን ለውጭ ድርጅት መስጠት ከፈለገ መጀመሪያ የሠራተኛው አብላጫ ድምፅ መስማማት አለበት ትላለች። አዲሱ ረቂቅ ላይ የለችም። የማኅበሩ ዋና ቢሮ የላከውን ሰው ጠየቅሁት። ወጣት ነው፣ ስልኩን እያየ ነው የሚያወራው። «ማንም ተጠቅሞባት አያውቅም፤ ጭማሪው ጥሩ ነው፤ አባላቱ ይወስኑ» አለኝ። መዋጮ ስንከፍል የኖርነው ለዚህ ምክር ነው።

ሦስተኛውን ንባብ አላነበብኩትም። ክፉ አለቃ እያሰብኩ ማንበብ ነበረብኝ። እኔ ግራሃምን እያሰብኩ አየሁትና ምንም አላስፈራኝም።

ስብሰባው ዕለት ግራሃም ሻዩን በራሱ እጅ ቀዳልኝ። «ስኳር ሁለት፣ አይደል?» አለ። አልረሳም። ውሃዬን ይዤ ነበር፤ ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም።

«ይህች አንቀጽ ለምን ወጣች?» አልኩት።

«የምክር ቤቱ አባላት እጃችን ታስሮ ጭማሪ አንሰጥም ብለው ነው» አለ። «እኔ ግን እዚህ እስካለሁ ሥራችሁን ለማንም አልሰጥም። ታውቂኛለሽ፣ አስካለ።»

ታውቂኛለሽ ሲለኝ ፍራሽ ላይ የታጠፈው እግሩ መጣብኝ። በዚያች ደቂቃ መባል የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ቃልህን ጻፍልኝና ፈርምበት። ካርመን ብትሆን ሳትተነፍስ ትለው ነበር። እኔ ግን ከእናቴ ለቅሶ ያልቀረን ሰው ቃልህን አላምንም ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሻዩን ጠጣሁ።

አበሻ ሠራተኞቹ ወደ ሃያ እንሆን ነበር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ፉትስክሬይ አንድ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ገጥመን ተሰበሰብን። ረቂቁን በአማርኛ አብራራሁላቸው። ስለ አንቀጿም ነገርኳቸው፤ አልደበቅሁም። ትርሲት ከመጨረሻው ወንበር እጇን አነሳች።

ትርሲት ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ብቻዋን የምታሳድጋት ቤዛ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤዛ አትናገርም። ለውጥ አትችልም። ሁልጊዜ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ያችው እናቷ ካልቆመች መሬት ላይ ትተኛለች፣ ራሷን ትጎዳለች። ስለዚህ ትርሲት ካውንስል ውስጥ ያላት ትልቁ ነገር ሮስተሯ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል። ይህን የማይለወጥ ሰዓት ያስገኘላት ማኅበሩ ነው፣ በዚያው አራቋች በተባለው ስምምነት።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ ስለ ጭማሪው ግድ የለኝም» አለች። «ሮስተሬን የሚነካብኝ ነገር ካለ ኖ ነው የምለው። እኔ እንግሊዝኛውንም አንብቤው በደንብ አልገባኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሃያ ሴት ዞሮ አየኝ። «ግራሃም የእናቴን ለቅሶ ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ነው» አልኳቸው። «አይከዳንም። የስ በሉ።»

አንዷ እንኳ ይህ ከኢቢኤ ጋር ምን ያገናኘዋል አላለችም። ሁላችንም የገባን አንድ ዓይነት ነው። ትርሲት «በቃ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። ብዕሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ረቂቁ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ብልጫው ከእኛ ጠረጴዛ የመጣ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ያን ዕለት ማታ ካርመን ደወለችልኝ። «ሦስተኛውን አነበብሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዋሸኋት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደብዳቤው መጣ። ካውንስሉ የቤት ለቤት አገልግሎቱን የገንዘብ አቅሙ ስለማይፈቅድ ለውጭ ድርጅት ለማስተላለፍ ወስኗል፤ ለረጅም ዘመን አገልግሎታችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ከታች ያለው ፊርማ የግራሃም ነው። አልሄደም፣ አልተቀየረም፤ እዚያው ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ግራሃም ግራፍ አሳየን። ወደ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር የእኛ ደመወዝ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ የካውንስሉ ገቢ። ሁለቱ በየዓመቱ ይራራቃሉ። ከጀርባዬ ሴቶች ያለቅሳሉ። ሲያልቅ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ታውቂኛለሽ ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ያን ጊዜ ያልኩሽ ከልቤ ነው» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ቁጥሮቹ ተለወጡብኝ፣ አስካለ። ምን ላድርግ?»

አንጀቴን የሚያሳርረው፣ እውነቱን ነበር። ውሸታም ቢሆን አታለለኝ ብዬ ባረፍኩ። ለቅሶዬ የመጣውም ከልቡ ነው፣ ቃሉን የሰጠኝም ከልቡ ነው፣ ደብዳቤውን የፈረመውም ያው ሰው ነው። ቁጥሩ ሲለወጥ የእሱ ልብ ምንም እንደማይፈይድልን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንቀጿ የተጻፈችው ለዚያ ቀን ነበር፤ እኔ ደግሞ በሁለት ስኳር ሻይ አስረከብኳት።

ዕድሜዬ ደርሶ ስለነበር ካሳዬን ተቀብዬ ጡረታ ወጣሁ። የመሰናበቻ ኬክ ቆርሰውልኛል። ኬኩ ላይ ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል።

ራዲዮ ላይ ላለው ሰውዬ የምነግረው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ድርጅቱ ሥራውን ሲረከብ ኬር ፕላን የምንላቸውን የየደንበኛውን የእንክብካቤ መዝገቦች ሁሉ ስልክ ላይ ወዳለ አፕ አዛወረ። ስለ ሚስስ ዶውሊንግ መስኮት እኔ ግማሽ ገጽ ጽፌ ነበር፤ አፑ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለም። በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይላካል፤ ዋናውን በር ያንኳኳል፤ አይከፈትም። ደንበኛዋ ቤት የሉም ብሎ ስልኩን ነክቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደንበኛዋ አገልግሎቱን አልፈለጉም ተብሎ ተዘጋ። ጎረቤቷ ስትደውልልኝ ሆስፒታል ገብታለች፤ ማድቤት ውስጥ ወድቃ ነው የተገኘችው። ሄጄ አየኋት፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሳሞቅላት ዋልኩ። ከዚያ ወጥታ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ አረጋውያን ማቆያ አስገቧት። በሳምንት የሁለት ሰዓት እርዳታ ይበቃት የነበረ ሴት፣ ዛሬ ሌት ተቀን የመንግሥት ወጪ ሆናለች። የካውንስሉ ሰንጠረዥ ላይ ግን እሷ የተገኘች ቁጠባ ናት። ከእኔ ጎረቤቶች መካከልም የቤት ግብሩ ቀነሰልኝ ያለ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ማኅበሩ ንጹሕ ነው አልልም። የካውንስሉ ማሽኖች በሚቆሙበት ጋራዥ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ውለው ሙሉ ደመወዝ የሚወስዱ ወንዶች አውቃለሁ፤ ማኅበሩም ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ይጮህ ነበር። ይህንን ሰውዬው ቢያነሳ አብሬው እናደድ ነበር። እሱ ግን ስለ ትርሲት ነው የሚያወራው፤ አያውቃትም እንጂ።

ትርሲትን ድርጅቱ መልሶ ቀጠራት፤ ካዥዋል ነው። ሮስተር የለም። ስልኩ ሲጮህ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሺ ካላሉ ሥራው ለሌላ ያልፋል፤ ሁለት ሦስቴ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ አይጠራም። ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ጥዬው የመጣሁት ኑሮ እሷ ላይ ደረሰ። ስለ ቤዛ ስጠይቃት «ደህና ናት፣ ጌታ ይመስገን» ትለኛለች። ከሌላ ሰው እንደሰማሁት ልጅቷን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ የሚወስዳት ሰው ባለመኖሩ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ተኝታ አምቡላንስ ተጠርቷል። ትርሲት አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ዛሬም ካገኘችኝ ከወንበሯ ተነስታ ትስመኛለች፤ እትዬ ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በፊት ታላቅ ወንድሜ አረፈ። እንደገና ቤቴ ፍራሽ ተነጠፈ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግራሃም መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን አጠፈ፣ ተቀመጠ። ጸጉሩ ሸብቷል። የሥራ መደቡ ከፍ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሻይ ሰጡት። ለቅሶ ከሚመጣ ሰው ጋር አይጣሉም።

በሩ ተከፈተና ትርሲት ገባች። የድርጅቱን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች። ጫማዋን አላወለቀችም፤ በር ላይ ቆማ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ጌታ ያጽናዎት። ቁጭ ማለት አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «አሁን ሺፍት ጠሩኝ። ቤዛም መኪና ውስጥ ናት።»

ስልኳ እጇ ላይ ጮኸ። አየችው፣ ሴቶቹን በእጇ ሰላም አለችና ወጣች። ለቅሶ ቤት ውስጥ የቆየችው አንድ መዝሙር የሚያዘምር ጊዜ እንኳ አይሆንም።

ግራሃም ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ማን ናት? ፊቷን የማውቀው ይመስለኛል» አለኝ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል» አልኩት። «ያንን ሰዓት የነጠቅሃት ሴት ናት። አንተ እዚህ አንድ ሰዓት ቁጭ ለማለት ጊዜ አለህ። እሷ የላትም።»

ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ምን እንደመለሰልኝ አልሰማሁም፤ ተነስቼ ነበር። ሴቶቹ «ኧረ አስኩ፣ ወዴት ነው? ቁጭ በይ እንጂ» ይላሉ። ነጠላዬን እያጣፋሁ በሊፍቱ ወረድኩ።

ትርሲት መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች ነው። ቤዛ ከኋላ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። መስኮቱን በእጄ ነካ ነካ አደረግሁ። ትርሲት ደንግጣ ዝቅ አደረገችው።

«እትዬ! ሐዘንተኛ ሆነው ምን አስነሳዎት?»

«ይቅር በይኝ ልልሽ ነው» አልኳት። «የዚያን ቀን ካፌው ውስጥ፣ የስ በሉ ያልኳችሁ…»

ስልኳ እንደገና ጮኸ። እሱን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ጥድፊያ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ እየረፈደብኝ ነው» አለች። «ስጨርስ እደውልልዎታለሁ፣ እሺ?» መኪናውን አስነሳች።

እስካሁን አልደወለችም። መቼ እንደምትጨርስ እሷም አታውቅም።